የአያ ስማቸው ምርቃት

«ሸጋ ድዳ የምታናግረው በዛር ነው» የሚለውን ወሬ እትዬ ዘውድነሽ የጀመሩት በ2006 ክረምት ነው። ያን ጊዜ ዛሩ አንድ ነበር። ለመስቀል ሁለት ሆነ። ኅዳር ሲገባ አንደኛው ወንድ፣ ሁለተኛዋ ሴት ሆነው ተጋብተዋል። እትዬ ዘውድነሽ ጎረቤቴ ናቸው፤ በርበሬና ቅመም ይቸረችራሉ። በርበሬ ለገዛ ሁሉ ወሬዋን ከላይ ጣል ያደርጉለታል።

«እትዬ፣ ዛር ቢኖረኝ እስካሁን በዚህች በምታፈስ ቤት እቀመጥ ነበር?» ብላቸው፣

«እሱማ ስስታም ዛር ነው ልጄ» አሉኝ።

ብዙም አልተከራከርኋቸውም። ከሦስት በሽተኛ ሁለቱን የሚልኩልኝ እሳቸው ናቸው።

ስሜ ሸጋ ነው፤ ሥራዬ የሙዚቃ ሕክምና። ይህንኑ በቆርቆሮ ላይ በቀይ ቀለም ጽፌ በሬ ላይ ሰቅየዋለሁ። ቀለሙ ስላጠረኝ «ሙዚቃ» የሚለው ከሩቅ ይነበባል፤ «ሕክምና» የሚለውን ለማንበብ ግን ደጃፌ ድረስ መምጣት ያስፈልጋል። ዳንግላ ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራ ሌላ ሰው ስለሌለ ከከተማው አንደኛ ነኝ። መጨረሻም ነኝ፤ እሱን ግን አላወራውም።

ያስተማረኝ ሰው የለም። አንዲት ፈረንጅ በጎ ፈቃደኛ ትታው የሄደችው መጽሐፍ እጄ ገባ። ሽፋኑና የመጀመሪያዎቹ አርባ ገጾች የሉም፤ ሱቅ ውስጥ ስኳር ሲጠቀለልባቸው ከርሟል። ከገጽ 41 ይጀምራል። የፈረንጅ መጽሐፍ መግቢያው ምስጋና ብቻ ስለሆነ የጎደለብኝ ነገር ያለ አይመስለኝም። ቀሪውን በመዝገበ ቃላት እየቆፈርሁ በሁለት ዓመት ጨረስሁት። የገባኝ ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ ንግግር የሚቀመጥበት የአንጎል ጓዳ ሲፈርስ፣ ዜማ የሚቀመጥበት ጓዳ በሌላ በኩል ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። መናገር ያቃተው ሰው ይዘፍናል። ስለዚህ ቃሉን ዜማ ላይ አሳፍሬ በጓሮ በር አስገባዋለሁ።

አንድ ጊዜ ባሕር ዳር ለሦስት ቀን ሥልጠና ተጠርቼ ነበር። እንዴት እንደሰሙብኝ አላውቅም፤ ምናልባት ዛሮቹ ነግረዋቸው ይሆናል። አሠልጣኙ «ያለ እነሱ መሥራት የማትችሉባቸውን መሣሪያዎች ጻፉ» አለን። ሌላው ሰው ኪቦርድ ጻፈ፣ ጊታር ጻፈ፣ የሌለውን ሁሉ ጻፈ። እኔ ያለኝን ጻፍሁ፦ ከገጽ 41 የሚጀምር መጽሐፍ፣ አንድ አውታሩ የተበጠሰ ክራር፣ ባዶ ቢጫ ጀሪካን ባለሃያ ሊትር፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ፣ የጋሪ ፈረስ ኮቴ፣ የውቤ ወፍጮ።

«ወፍጮ?» አለኝ አሠልጣኙ።

«እንዴታ! ሲነሳ ቀስ ይላል፣ ከዚያ ይፈጥናል፣ ከዚያ እኩል ይሄዳል። ተንተባታቢ ሰው ከጎኑ አቁሜ በወፍጮው ልክ ሲያወራ ትንፋሹ ይገራለታል።»

ማስታወሻው ላይ ጻፈው። ከኔ መማሩን ግን ሰርተፊኬቴ ላይ አልጻፈም።

ምሥራቅ አባቷን ይዛ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው፤ 2007፣ ታኅሣሥ መባቻ። አባቷን አያ ስማቸውን የማያውቅ የለም። ዳንግላ ውስጥ አርባ ዓመት ጋሪ ነድተዋል፤ የባለጋሪዎቹ ሊቀ መንበርም ነበሩ። መስከረም ላይ ስትሮክ መታቸውና ቀኝ እጃቸው ዛለ፣ ምላሳቸውም ተያዘ። አንዲት ቃል ብቻ ተርፋላቸዋለች፤ እሷም ፈረስ የሚነዳባት «መጭ!» ናት። ውኃ ሲጠማቸው «መጭ»፣ ሲናደዱ «መጭ!»፣ ቄሱ መስቀል ሲያሳልሟቸውም በትሕትና «መጭ»።

ነገሩ የሚያስቀው ለጎረቤት ነው። ምሥራቅ አትስቅም።

«ሸጋ እታለም፣ ሠርጌ ጥር 24 ነው» አለችኝ ጀሪካኔ ላይ ተቀምጣ። «አባየ ሳይታመሙ ተጣልተናል።»

ጠቡን ከተማው ያውቀዋል። የምታገባው ክንዴ የጥርባ ገጠር ልጅ ነው፤ ባጃጅ ይነዳል። ባጃጅ ደግሞ ዳንግላ ከገባ ወዲህ የጋሪን እንጀራ የዘጋ ነገር ነው። አያ ስማቸው ሽማግሌ ሲላክባቸው «ልጄን ለሦስት እግር አልድርም! በሦስት እግር የሚቆም ነገር አላየሁም!» ብለው ጮኹ፤ የተቀመጡት ግን ባለሦስት እግር በርጩማ ላይ ነበር። ምሥራቅ ይህንኑ ነገረቻቸው። በአምስተኛው ቀን ወደቁ።

«የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ ገበየሁ፣ በየደረሰበት ‹አባቷን የገደለች› ይለኛል። አባየ መናገር ካልቻሉ በእሳቸው ፈንታ ልመርቅሽ ብሎ የሚነሳውም እሱ ነው። የእሱን ምርቃት ከምሰማ ሠርጉ ይቅርብኝ። የአባየን ጉልበት ስሜ ስነሳ በራሳቸው አፍ አንድ ነገር ይበሉኝ። ‹እግዜር ይባርካችሁ› ብቻ። አለዚያ ከዚያ ቤት አልወጣም፤ ለክንዴም ነግሬዋለሁ።»

«ቀላል ነው» አልኋት። ቀላል አልነበረም፤ ግን በሬ ላይ «እንሞክራለን» የሚል አልጻፍሁም።

አምስት ሳምንት ታገልሁ። በክራር «እግ-ዜር ይባ-ርካ-ችሁ» እያልሁ ደህናውን ግራ እጃቸውን እየያዝሁ ጉልበታቸው ላይ አስመታሁ። «መጭ» አሉኝ። በጀሪካን ሞከርሁ፤ «መጭ።» ውቤ ወፍጮ ቤት ወስጄ ሞተሩ ሲነሳ ጠብቄ ጀመርሁ። ወፍጮው እየፈጠነ ሲሄድ እሳቸውም «መጭ፣ መጭ፣ መጭ መጭ መጭ!» እያሉ ፈጠኑ። እህል ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች ዱቄት እስኪያናፍሱ ሳቁ።

«አያ፣ እኔ እኮ ፈረስ አይደለሁም» አልኋቸው።

ቀና ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና በአፋቸው ጠርዝ ፈገግ አሉ። ለካ ሰውዬው ውስጥ ናቸው፤ በሩ ብቻ ነው የጠፋባቸው።

የዚያን ዕለት አንድ ነገር መጣልኝ። እኔ የኔን ዜማ ይዤ ነው እየሄድሁ ያለሁት፤ የእሳቸው ዜማ ያለው መንገድ ላይ ነው። በማግሥቱ ድሮ ይነዷት የነበረችውን ዳማ ፈረስ ከነጋሪዋ ተከራየሁና ከምሥራቅ ጋር ደግፈን አወጣናቸው። ከገበያው ወጥተን የእንጅባራን አስፋልት ስንይዝ ዳማ ሶምሶማ ጀመረች፤ ቀጭ-ቀጭ፣ ቀጭ-ቀጭ። አያ ስማቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። መጀመሪያ አንጎራጎሩ። ከዚያ ግራ እጃቸውን ወደ ላይ አነሱና፣ በሚያምር፣ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ፣ ረጅም ዜማ ከነቃሉ አወጡ። አንድም «መጭ» የለበትም።

ባለጋሪው ልጓሙን ሳበ። ምሥራቅ እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«በአገውኛ ነው እኮ!» አለች።

አያ ስማቸው የዘንገና፣ የአገው ገጠር ልጅ ናቸው። ዳንግላ የገቡት በአሥራ አምስት ዓመታቸው ነው። ሚስታቸው አገውኛ ስለማይችሉ ቤታቸው ውስጥ ከአማርኛ ሌላ ተሰምቶ አያውቅም። ምሥራቅ አንድ ቃል አታውቅም። እኔም የዳንግላ ከተማ ልጅ ነኝ፤ ከገጠር ከሚመጡት ሴቶች ቅቤ ስገዛ እንኳ እነሱ ናቸው በአማርኛ የሚራሩልኝ። ባለጋሪውም ከደብረ ማርቆስ የመጣ አዲስ ሰው ነው።

«ምንድን ነው የሚሉት?» አለችኝ ምሥራቅ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

እዚህ ላይ «አላውቅም» ማለት ነበረብኝ። ይህን ቃል ግን ብዙም አልለመድሁትም። አየሁ፤ እጃቸው ተነስቷል፣ ዜማው ዝግ ያለ ነው፣ መጨረሻው ላይ ድምፁ ይወርዳል። እጅ ተነስቶ ድምፅ ከወረደ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

«ምርቃት ነው» አልኋት ሳላፍር። «የጥንት አባቶች ምርቃት።»

አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ያን ጊዜ ነገሩ ከእጄ ወጣ።

ልጠይቅ ብል ሰው ሞልቷል። ቅዳሜ ገበያ ከሚወጣው ሰው ግማሹ አገውኛ ተናጋሪ ነው። ጀሪካኔን ታቅፌ አንዱን ጥግ ይዤ «ይቺ ምን ማለት ናት?» ማለት ብቻ ነበር። ግን «ሸጋ አታውቅም» የሚል ወሬ ለኔ ከዛሩ ይከፋብኛል። ለራሴም ትርጉሙ የቤተ ሰቡ ጉዳይ ነው፣ የኔ ሥራ ትንፋሽና ምት ነው ብዬ ነገርሁት። ከገጽ 41 በኋላ «ምን እንደሚሉ ጠይቂ» የሚል የለም። ምናልባት ከዚያ በፊት ይኖር ይሆናል።

ዳማን ሠርግ ቤት ማስገባት ስለማይቻል የኮቴዋን ድምፅ በስልኬ ቀዳሁና በጀሪካን አጠናሁት፤ አንዱን በመዳፍ፣ አንዱን በጣት። አያ ስማቸው ስመታ ይጀምራሉ፣ ሳቆም ያቆማሉ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያችኑ ዜማ ሳትዛነፍ አወጧት። ምሥራቅ ለሠርጉ ቀን ድንገተኛ ይሁን ብላ ለክንዴም ሳትነግር፣ ከጓዳ ሆና እያዳመጠች የሠርግ ልብሷን ትለካ ጀመር።

ጥር 24 ደረሰ። ዳሱ ጢም ብሏል። በአንድ በኩል የዳንግላ ሰው፣ በሌላው በኩል በሚኒባስ ተጭኖ የመጣው የክንዴ ወገን። አያ ስማቸው ነጭ ጋቢ ለብሰው መካከል ተቀመጡ። እኔ ከወንበራቸው ኋላ ጀሪካኔን ይዤ ቁጢጥ አልሁ። አንዲት አሮጊት «ይቺ ደግሞ ውኃ ልትቀዳ ነው?» ሲሉ ሰማሁ፤ ለጊዜው አለፍኋቸው።

ሙሽሮቹ ጎንበስ ብለው ጉልበት ሳሙ። ገበየሁ ጉሮሮውን ጠረገና ከወንበሩ ተነሳ።

«እንግዲህ አማቼ በደረሰበት በደል ምክንያት…» ብሎ ሲጀምር ጀሪካኑን መታሁት። ቀጭ-ቀጭ፣ ቀጭ-ቀጭ።

አያ ስማቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እጃቸው ተነሳ። ያ ድምፅ ወጣ፤ በጋሪው ላይ ከሰማሁትም ይበልጥ የጠራ ነበር። ገበየሁ አፉን እንደከፈተ ቀረ። የዳንግላ ሰው ደረቀ። የክንዴን ወገን ሳይ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አቀርቅረዋል፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸው ውስጥ ገብተዋል። እንዴት ልባቸው ተነካ! አልሁ በልቤ። እኔንም እንባ ተናነቀኝ፤ ለሥራዬ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።

ዜማው ሲያልቅ የክንዴ አባት ቀጥ ብለው ተነሱ። ፊታቸው በርበሬ መስሏል።

«አሜን!» አሉ ዳሱን በሚያናጋ ድምፅ።

«አሜን!» አለ ወገናቸው ሁሉ። «አሜን!» አለ የዳንግላ ሰው። ክንዴ የአማቱን ጉልበት ሁለተኛ ሳመ። ምሥራቅ ቀና ብላ አባቷን አየቻቸው፤ እሳቸውም አዩዋት፤ ደህናውን እጃቸውን ራሷ ላይ አኖሩ። ገበየሁ ተቀመጠ። «አባቷን የገደለች» የሚለው ነገር ከዚያች ቀን ወዲህ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

አያ ስማቸው ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ። ምላሳቸው እየተፈታ ሄዶ በአማርኛም አሥር፣ አሥራ አምስት ቃል ያዙ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሳቸው የክንዴ ባጃጅ ነበር፤ ከኋላ ተቀምጠው ለሚያልፉት ባለጋሪዎች ሁሉ በጭንቅላታቸው ሰላምታ ይሰጡ ነበር። ሰኔ 2009 ላይ በእንቅልፋቸው አረፉ።

በቀደም፣ 2011 መስከረም፣ ዝናብ ይዞኝ ገበያ ዳር ስቆም ክንዴ መጣና አሳፈረኝ። ሁለት ልጆቹ ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ትልቁ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ትንሽ እንደሄድን፣

«ሸጋ፣ እንዲያው ልጠይቅሽ፤ ያን የሠርጋችንን ዘፈን ለአማቴ አንች ነሽ የመረጥሽላቸው?» አለኝ።

«የትኛውን ዘፈን?»

«አንች በጀሪካን ያጀብሽውን ነዋ።»

«ምርቃቱን ነው የምትለው?»

ባጃጁ ተንገዳገደ። ክንዴ መሪውን ይዞ ሳቀ፣ ሳቀ፣ ዝናቡን የሚጠርገውን ጨርቅ አንስቶ ዓይኑን ጠረገ።

«ምርቃት! አይ ሸጋ! በእኛ በአገው ገጠር ገብስ ሲደርስ ዝንጀሮ ይወርድበታል። እሱን ማባረሪያ ነው። ማማ ላይ ወጥተን እጃችንን እያወዛወዝን የምንጮኸው። አባቴ ያን ቀን ጋቢውን አፉ ውስጥ ጎስጉሶ ሊታፈን ነበር።»

«እና ለምን ዝም አላችሁ?» አልሁት።

«ምን እንበል? ሰውዬው እጃቸውን አንስተዋል፤ ሙሽራዋ ታለቅሳለች፤ አጎቷ ደግሞ ሊጀምር ቆሟል። አባቴ ‹አሜን› አለ፤ እኛም አልን።»

«ምሥራቅስ?»

«ታውቃለች ብለሽ ነው? አልነገርኋትም።»

«ቃል በቃል ምን ነበር የሚለው?»

ክንዴ ባጃጁን ዳር ይዞ አቆመ። ሞተሩን አጠፋ። ወደ ልጆቹ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ በአማርኛ ነገረኝ፦

«‹አንተ ቂጠ መላጣ፣ ከገብሴ ውጣ! ሚስትህን አስከትል፣ ልጆችህን ጀርባህ ላይ እዘል፣ ደግሞም ተመልሰህ እንዳትመጣ!›»