ያልተመዘገቡት

"ሥራችንን ሊጎበኙ የሚመጡት እንግዶች ጦር ኃይሎች አደባባይ ደርሰዋል! ያልተመዘገበ ሰው ሁሉ ወደ ጓሮ ይውጣልኝ!" አለ የሆስፒታሉ የካንሰር ክፍል አስተባባሪ ፍቅረማርያም፣ ከረቫቱን እያስተካከለ።

ነርሷ አልፊያ ከመመዝገቢያው መስኮት ጀርባ አቀረቀረች። አዲሱ መመሪያ በካንሰር የተጠረጠረ ታካሚ ከተመዘገበበት ቀን አንሥቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ የምርመራ ውጤቱን እንዲያውቅ ያዛል። ክፍሉም መላ አላጣም፤ የምርመራ ተራ እስኪገኝ ድረስ ማንንም አይመዘግብም። "ስልክዎን ይተዉልን፣ እንደውላለን" እያለች የምትመልሳቸው አልፊያ ነበረች።

እትዬ ዘመነች ግን ሳይደወልላቸው መጡ። አስኮ ገበያ ሽንኩርት ይቸረችራሉ። ከፋሲካ በፊት ለአልፊያ ያሳዩአት የጡታቸው እብጠት ሽምብራ ያህል ነበር። አሁን ክረምቱ ገብቷል፤ ነጠላቸውን ገለጥ ሲያደርጉ ቆዳው ቆስሎ አየች።

"ስልኬ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ነው የመጣሁት፣ አልፊዬ። ደውላችሁ አጥታችሁኝ ከሆነ ይቅርታ።"

"አልደወልንም፣ እትዬ።" ፊቷ ጋለ።

"ታዲያ ምን ታደርጊ፣ ሰዉ ብዙ ነው! ዛሬማ አበባ በአበባ ሆናችኋል፤ ማንን ልትድሩ ነው?"

እንዲወጡ ልትነግራቸው ስትል እንግዶቹ ገቡ። ፍቅረማርያም አንድም ታካሚ ከሁለት ሳምንት በላይ አለመጠበቁን አበሠረ። ተጨበጨበ። ከእንግዶቹ መካከል አንዲት ጠና ያሉ ሴት ወደ እትዬ ዘመነች ዞሩ።

"እናቴ፣ እዚህ መመላለስ ከጀመሩ ቆዩ?"

እትዬ ዘመነች ፍቅረማርያምን፣ ቀጥሎም አልፊያን አዩ። የልጅቷን ድንጋጤ ሳያነቡት አልቀሩም። ነጠላቸውን በቁስሉ ላይ ሰብሰብ አደረጉ።

"ኧረ ዛሬ ገና ነው! እነዚህ ልጆች እኮ እንደ እናታቸው ነው የሚያዩን።"

ፍቅረማርያም ፈገግ አለ። እንግዳዋም ረክተው ፊታቸውን መለሱ። አልፊያ እፎይ አለች፤ እፎይ ማለቷ ግን ወዲያው አሸማቀቃት። ደጅ ያስጠናቻቸው ሴት እሷን ከተግሣጽ ለማዳን ሲሉ ሕመማቸውን ደበቁላት።

ከመስኮቱ ጀርባ ወጥታ ከጎናቸው ቆመች።

"ዛሬ አይደለም የመጡት" አለች፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። "ከፋሲካ በፊት ነው። የመለስኳቸው እኔ ነኝ። ጓሮ ያሉትንም እንዲሁ።"

"ጓሮ ደግሞ ማን አለ?" አሉ እንግዳዋ።

ፍቅረማርያም በዐይኑ ተቆጣት። አልፊያ የእትዬ ዘመነችን ክንድ ደግፋ፣ እንግዳዋን ወደ ጓሮው መራቻቸው።