የጦሩ አንገት

ምነው አባዬ ዛሬን ባይመጣ፣ አልመጣም ብሎ አልነበር፣ የማረሻ ሰሞን ነው፣ ገበሬው ደጄን አጣቦታል፣ አንቺ ብቻ በርቺ ብሎ አልነበር፣ ይኸው ከሜዳው ገመድ ወዲያ ቆሟል፣ ያንን የፍየል ቆዳ ከረጢት አንግቶ፣ ፍም ካፖርቱ ላይ የበሳው ቀዳዳ ሁሉ እስከዚህ ድረስ ይታያታል፣ ወይስ ስለምታውቀው ነው የሚታያት። ይመኙሻል አንገቷን ደፍታ ጫማዋን ታያለች፣ የሸራ ጫማ ነው፣ የገዛላትም እሱ ነው፣ ያንንም ላለማየት ዓይኗን ወደ ሣሩ ታሸሻለች። ሣሩ ላይ ጦሩ ተጋድሟል። ተሰንጥቆ።

በትምህርት ቤቶቹ ውድድር የመጀመሪያ ውርወራዋ ጥሩ ነበር፣ ሰው አጨብጭቦ ነበር፣ በሁለተኛው ጫፉ መሬት ሲነካ ጧ አለ፣ ሜዳው በሙሉ ሰማው። ቀርከሃው ከብረቱ ሥር ጀምሮ ክንድ ያህል ለሁለት ተከፍሏል፣ የጠመጠመችበት ቀይ ጨርቅ እንደ ውሻ ምላስ ተንጠልጥሏል። የደብረ ብርሃን ብርድ ፊቷን ይገርፈዋል፣ ፊቷ ግን ይነዳል።

ማነው ይሄን የሠራው፣ ይላል ዳኛው ጓድ አበባው፣ ጦሩን አንስቶ ወደ ሕዝቡ እያሳየ፣ ሰው ቢወጋስ ኖሮ፣ ማነው? ከኋላዋ ሸዋወርቅ ናት፣ አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ዴስክ የምትጋራት፣ ተራዋን የምትጠብቅ፣ በጆሮዋ ታንሾካሹካለች፣ አላልኩሽም አንቺ፣ የእነሱ እጅ የነካው ነገር መቼ ይበረክታል፣ አላልኩሽም?

ብላለች። በደንብ ብላለች። ከፋሲካ ዕረፍት መልስ ይመኙሻል ጦሩን ይዛ ስትመጣ፣ ኧረ ይሄ የጠይብ አስተሳሰር ነው፣ የእማዬ ቢላ እጀታው ልክ እንዲህ ነው፣ እኔ በበኩሌ አልነካውም፣ በዓይናቸው ይበላሉ ይባላል፣ ብላለች ሸዋወርቅ። ይመኙሻልም ሳቀች። ያ ነው የማይለቃት፣ ዝም ብትል ምን ነበረ፣ አብራ ሳቀች፣ እውነትሽን ነው፣ አንኮበር ያለ አንድ ሰውዬ ነው የሠራው አለች። አንድ ሰውዬ። አባቷን።

የመማሪያ ክፍል ጓደኞቿ አባቷን ገበሬ ነው ብለው ነው የሚያውቁት፣ ሁለት በሬ ሰጥታዋለች፣ አንዱን ቦራ አንዱን ጉራች፣ በሬዎቹ እኮ ስም አላቸው፣ አባቷ ግን በዚህ ከተማ ስም የለውም። በውይይት ክበብ ባለ እጅ የተናቀበት ዘመን አከተመ የሚለውን ጽሑፍ ቆማ ያነበበች እሷው ናት፣ ድምፅሽ እንዴት ያምራል ተብላለች።

በፋሲካው ዕረፍት አባቷ ብረቱን አግሎ ከቀርከሃው ጋር ካጋጠመ በኋላ፣ ቀርከሃ የሚሞተው አንገቱ ላይ ነው ብሏት ነበር፣ ብረቱ መሬት ሲመታ እንጨቱን ወደ ውስጥ ይሰነጥቀዋል፣ ስለዚህ አንገቱን ማነቅ ነው። ከደረቀ የበሬ ቆዳ ቀጭን ጠፍር ቆረጠ፣ አንዱን ጫፍ አፉ ውስጥ ከተተ፣ ሌላውን ለሷ ሰጣት፣ እንደ ልጅነቷ፣ ውሃ ያላላዋል ምራቅ ግን ያለዝበዋል ይላል ሁልጊዜ፣ ሁለቱም ጉንጫቸውን ነፍተው እያኘኩ ተያዩና በሳቅ ፈነዱ። ከዚያ እንደ ሹሩባ አድርጎ፣ አንዱን በአንዱ ላይ እያስተኛ ጠመጠመው፣ ጥላ ውስጥ ይድረቅ፣ ሲደርቅ ነው ጥርሱን የሚነክሰው፣ አላት። ይቺን እንግዲህ ጅብ ካልበላት ማንም አይፈታትም።

ጅቧ እኔ ነኝ። በሸዋወርቅ ሳቅ ማግስት ከተከራየችው ቤት ጓሮ ዞራ ቋጠሮውን በምላጭ በጠሰችው፣ ያንን ሹሩባ ገበያተኛው ሁሉ ያውቀዋላ፣ ለበዓል ከተሠራው ቅስት የተረፈ ቀይ ጨርቅ ጠመጠመችበት፣ ልጆቹም አብዮታዊ ጦር ብለው አጨበጨቡ። ጠፍሩን ግን መጣል አቃታት። አሁንም ቱታዋ ኪስ ውስጥ ነው፣ እንደተጠቀለለ ደርቆ፣ ጭኗን ይቧጭራታል።

እኔ ነኝ ጌታዬ።

አይደለም፣ አትናገር፣ አባዬ ዝም በል። ገመዱን በሁለት እጁ ይዞ ይጮኻል፣ እኔ ነኝ ያሰርኩት፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቆዳው ጥሬ ሆኖ ይሆናል፣ ልጂቱ ምንም አታውቅም።

ልጂቱ። ልጄ አላለም። ያውቃል ማለት ነው፣ እንደደበቀችው ያውቃል፣ ከመቼ ጀምሮ፣ እየደበቀላት ነው፣ እሱ ራሱን እየደበቀላት ነው።

ጠይቡ ጦሩን በላው፣ ይላል አንድ ጎረምሳ፣ ሕዝቡ ይንጫጫል። ጓዶች፣ ጠይብ ማለት ክልክል ነው፣ የእጅ ባለሙያ በሉ፣ ይላል ክንዱ ላይ ጨርቅ ያሰረው ሥነ ሥርዓት አስከባሪ። እሺ፣ የእጅ ባለሙያው በላው! ሳቁ ይብሳል፣ ሸዋወርቅም ትስቃለች፣ አባቷም ፈገግ ይላል፣ ሰው ሲስቅበት ሁሌ እንደሚያደርገው፣ አርባ ዓመት ሙሉ የሠራው ነገር ተፈቶበት አያውቅም፣ ዛሬ በሰው ፊት ሥራዬ ተበላሸ ብሎ ቆሟል፣ ባላበላሸው።

አንድ ውርወራ ይቀርሻል፣ ይላል ጓድ አበባው፣ የሌላ ትምህርት ቤት ጦር ተዋሺና ጨርሺ። ከተዋሰች ታሸንፍ ይሆናል፣ የመጀመሪያው ውርወራዋ እስካሁን በማንም አልተበለጠም፣ አባቷም ከረጢቱን አንግቶ ወደ አንኮበር ይሄዳል፣ እጄ ከዳኝ እያለ፣ መንገዱን ሙሉ እጁን እያየ።

አልዋስም፣ ትላለች። እንደገና ጮክ ብላ ትለዋለች።

የተሰነጠቀውን ጦር ከዳኛው እጅ ትቀበላለች፣ ቀዩን ጨርቅ ትገፈዋለች፣ ወደ ገመዱ ትሄዳለች፣ ሰው ሁሉ ያየኛል፣ ይየኝ፣ አይየኝ፣ ምነው መሬት ቢውጠኝ፣ ከኪሷ ጠፍሩን ታወጣለች። አባቷ ያየዋል። ጫፉን ያያል፣ በምላጭ የተበጠሰውን፣ ጥርት ብሎ የተቆረጠውን፣ ከዚያ እሷን ያያል፣ ፈገግታው ይጠፋል። ምነው ቢሰድበኝ።

ጠፍሩን አፏ ውስጥ ትከተዋለች። በሰው ሁሉ ፊት። ጨው ጨው፣ ጥላሸት ጥላሸት ይላል፣ ከኋላዋ ሳቁ ይቆማል፣ ሸዋወርቅ ውይ ስትል ትሰማታለች፣ ጉንጯ ተነፍቷል፣ እንባዋ ይወርዳል፣ መንጋጋዋ ያማታል።

በዚህኛው ጫፍ ጀምሪ፣ ይላል አባቷ ቀስ ብሎ፣ ጦሩን ሊቀበላት በገመዱ ላይ እጁን እየዘረጋ፣ እሱ ይበልጥ ደርቋል፣ ልጄ።

ታኝካለች።