በሰኔ የተነፋ ጥሩንባ

«አይሆንም!» አሉ ኻሚስ፣ የቅል ጥሩንባቸውን ከጀርባቸው ሸሽገው። «ማሽላ አሁን ተዘራ። ሳይታጨድ አይነፋም። ከተነፋ እህል ይጠፋል።»

የሙዚየሙ ሠራተኛ ሊድያ ጨነቃት። ሙዚየሙ ሕዝብና ባለሥልጣን ፊት ለፊት የሚነጋገርበት ቤት ይሁን ብላ አለቆቿን ስትለምን ከርማ፣ ገና ዛሬ መፍቀዳቸው ነው። የነኻሚስ የወንዝ ዳር እርሻ ለእብነ በረድ ማውጫ ሊሰጥ ነው። ከውሳኔው በፊት ገበሬው የሚደመጥበት ሌላ ቦታ የለም።

ውሳኔው በእጁ ያለው ጎሹ ከፊት ወንበር ተደላድሎ ስልኩን ደግኗል።

«አባባ፣ በባህል ብንከፍተው ምናለበት? ከዚያ ስለ መሬቱ በሰፊው እናወራለን» አለ።

አብረዋቸው የመጡት አራቱ ገበሬ ነፊዎች ኻሚስን አዩ። የመሪው ጥሩንባ የሳቸው ነው፤ ያለ እሱ የሌሎቹ አይነፋም። ኻሚስ ደግሞ ሊድያን አዩ።

«አንተ ምን ትላለህ?» አሏት። በአማርኛቸው ሴቱም ወንዱም «አንተ» ነው፤ ለምዳዋለች።

«እንግዶቹ ጥለውን እንዳይሄዱ ፈራሁ፣ አባባ። ለዛሬ ብቻ ይንፉላቸው።»

ኻሚስ «ቢስሚላህ» ብለው ነፉ። አራቱም ተከተሉ። እንግዶቹ ብድግ ብለው አጨበጨቡ፤ ጎሹማ ትከሻውን ሰበቀ። ኻሚስ አፋቸውን ጠርገው «የኛ መሬት...» ማለት ሲጀምሩ የጎሹ ስልክ ጠራ።

«ይቅርታ፣ አስቸኳይ ስብሰባ ነው። ደስ የሚል ፕሮግራም ነበር! ሐሳባችሁን በጽሑፍ ላኩልን።»

እንግዶቹ ተከትለውት ወጡ። አዳራሹ ውስጥ ባዶ ወንበርና አምስት ገበሬ ቀረ። ሊድያ ከሀፍረቷ ብዛት ቀና ማለት አቃታት። ንፉ ያለቻቸው እሷ ናት።

ኻሚስ ቅርስ ወደሚታይበት የመስታወት ሳጥን ሄዱ። በእጃቸው የያዙትን ጥሩንባ ለሙዚየሙ እንዲሰጡ ስንት ጊዜ ለምናቸዋለች! ሁልጊዜ «እዚህ የሞተ ነገር ነው የሚቀመጥ፤ ይሄ ገና ይሠራል» እያሉ ይስቁባት ነበር። አሁን አልሳቁም።

«ክፈት» አሏት።

«አባባ፣ እሱማ የመኸሩ ነው። መንደሩ ምን ይላል?»

«ክፈት፣ ልጄ።»

ቁልፉን አውጥታ ከፈተች። ኻሚስ ጥሩንባውን በኩታቸው ጫፍ ወለወሉና በገዛ እጃቸው አስገቡት።