በሮሆቦት ስም የተሣለው ግድግዳ

ቁጣዬን ዲላ ያውቀዋል። ሃያ ስድስት ዓመት የሱቅ ታፔላ የጻፍኩ፣ የባጃጅ ጀርባ ላይ አንበሳ የሣልኩ ታሪኩ ማለት እኔ ነኝ። በጠመኔ የታሸ ክር ወጥሮ መስመር ማስመርን፣ ፊደል መደርደርን ማንም አላስተማረኝም፤ እያየሁ ነው የለመድኩት። አንድ ቀን የአንድ መሥሪያ ቤት አጥር ሊሣል ጨረታ ወጣ ሲሉኝ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ ዲግሪ እንዳለኝ ጠየቀችኝ። የለኝም። እንግዲያው ሰነድዎን አንቀበልም አለች። ሥራውን የወሰደው ባለ ዲግሪ የሣለው ቡና ጎመን ይመስል ነበር። ቆሽቴ አረረ።

ልጄ ሮሆቦት ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። እጇ ከእኔ ይበልጣል፤ አባቷ ስለሆንኩ አይደለም ይህን የምለው። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷን ዘነቡን ተከትላ ጪጩ ገበያ ትሄድና በካርቶን ቁራጭ ላይ የሻጮቹን ፊት በከሰል ትሥላለች። ከዚያ ለባለፊቱ ትሰጠዋለች፣ በቃ። አንዲት ቆጮ ሻጭ የራሷን መልክ አይታ አፏን በእጇ ሸፍና ስትስቅ አይቻለሁ።

ሮሆቦት የፈለገችው እዚሁ ዲላ ነርስነት ተምራ ሥዕሉን ለራሷ ማቆየት ነበር። እኔ ደግሞ ሥዕል በዲግሪ ካልተማርሽ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። የተማረ ይግደለኝ አይደል የሚባለው? ዘነቡ ልጅቷ የምትደሰትበትን ነገር ሥራ አታድርግባት ብላ ለመነችኝ፤ ጮኽኩባት። ሮሆቦት ግን አልተከራከረችም።

«አባዬ፣ ሌላው ሁሉ እናንተ እንዳላችሁ ይሁን፤ ይሄን ለእኔ ተውልኝ» አለችኝ።

አልተውኩላትም። አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ወስጄ ለመግቢያ ፈተና ያስቀመጥኳት ራሴ ነኝ። ስታልፍ በደስታ አለቀስኩ።

በመጀመሪያው ዓመት ክረምት ስትመጣ የሣለችበትን ደብተር አሳየችኝ። በሁለተኛው ደበቀችኝ። በሦስተኛው ደብተር የሚባል ነገር ይዛ አልመጣችም። ምን ሆነሽ ነው ስላት፣ የሣለችው ሁሉ ማርክ እንደሚሰጠው፣ ለምን እንደሣለችው በጽሑፍ ማስረዳት እንዳለባት ነገረችኝ። መምህራኗ ክፉ እንዳልሆኑ፣ ብዙም እንዳስተማሯት አልሸሸገችም። ትምህርት እንዲህ ነው፣ ያልፋል ብዬ አፏን አስያዝኳት።

ተመረቀች። ዲግሪዋን መስታወት ውስጥ አስገብቼ ሳሎን ሰቀልኩት። ይኸው ሁለት ዓመቷ፣ እርሳስ ስትነካ አላየኋትም።

ዘንድሮ ጨለለቅቱ ከተማ ውስጥ አንድ የግል ትምህርት ቤት ግድግዳውን ለማስሣል ጨረታ አወጣ። የሮሆቦትን ዲግሪ ኮፒ አስገባሁና አሸነፍን። መሰላሉን ባጃጅ ላይ አስረን ሄድን፣ ቀለም በጠበጥኩ፣ ብሩሹን ሰጠኋት። ግድግዳው ፊት ብዙ ቆመች። ክንዷን አነሳች፣ አወረደች። ከዚያ ብሩሹን መለሰችልኝ።

«ብሩሽ ስይዝ የሚታየኝ የምሥለው ነገር አይደለም፤ ስንት እንደሚሰጡኝ ነው። አንተ ሣለው አባዬ።»

ልቆጣ ብል ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል ብዬ መሰላሉ ላይ ወጣሁ። ዘጠኝ ቀን ሣልኩ፤ እሷ ከሥር ቁጭ ብላ ቀለም ታቀብለኛለች። እንሰቱን፣ የቡና ለቃሚዎቹን፣ የሚሮጡትን ሕፃናት ሣልኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። መናገሩ ያሳፍረኛል እንጂ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሲያልቅ ርእሰ መምህሩ አቶ ታዲዮስ መጣ። የተማረ እጅ ያስታውቃል እያለ ሮሆቦትን ጨበጣት፤ እኔን ረዳቷ አድርጎኛል መሰለኝ። ስሟ ከሥር ይጻፍ ብሎ አዘዘ። የጻፍኩት እኔው ነኝ።

ሮሆቦት ስሟን ቆማ አየችው። ቅያሜ በሌለበት ድምፅ፣ «ወረቀቱ ጠቀመህ አይደል፣ አባዬ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። ምን ብዬ ልዋሽ? ለካ ዲግሪውን የፈለግኩት ለእሷ አልነበረም። እሷ ይህን ከእኔ ቀድማ አውቃዋለች።

ትናንት ቡሌ ከተማ ሌላ ጨረታ ወጥቷል አሉኝ። የዲግሪዋን ኮፒ ይዤ ሄድኩ።