ምስክሩ ቁራጭ

ቀማሚዋ ከማክሰኞ ወዲህ መቀመጥ አልሆነላትም። ወንበሩ እሾህ የተነጠፈበት ይመስል ብድግ ትላለች፤ ስትቆም ደግሞ ወዲያ ወዲህ። ባልደረቦቿ «ምን ነካሽ?» ሲሏት «ምንም» ትላለች። እንዲህ ያለ ምንም ደግሞ የለም።

ሥራዋ ለሰው ሠራሽ እግር ጉልበት የሚሆን ቀለበት መሥራት ነው። ሙቀትም ጫናም የሚችል ውድ ፕላስቲክ ወስዳ፣ ዓይን የማያየው የሴራሚክ ብናኝ ትቀላቅልበታለች። ብናኙ በእኩል ከተበተነ ቀለበቱ ዓመታት ይሸከማል። ችግሩ ብናኙ ዘመድ ወዳድ ነው፤ አልኮል ውስጥ በማሽን ካልተናጠ እርስ በርሱ ተቃቅፎ ይጓጉላል፤ ስንጥቅም ከጓጎለበት ይጀምራል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት እዚህ ቤት አይሠራም። ብናኝ ያበረ ዕለት ጉድ ፈላ ማለት ነው።

መናጫው እንዳይግል በየአሥር ደቂቃው ራሱን ያጠፋል፤ ወዲያው የሚያስነሳው ሰው አጠገቡ መቆም አለበት። ማክሰኞ ጠዋት አባቷ ደወሉ። በዚያ ሳምንት ለአራተኛ ጊዜ ነው። «ልጄ፣ ጉልበቴ ደረሰልኝ ወይ?» እሳቸው ግምበኛ ናቸው፤ አንድ እግራቸውን ካጡ ወዲህ መሬት ለመሬት እየሠሩ፣ መወጣጫ ላይ የሚወጡበትን ቀን የሚቆጥሩ። ኮሪደር ወጥታ «ደርሷል አባባ፣ ትንሽ ቀረ» ስትል፣ ስትስቅ፣ ስታባብል ቆየች። ስትመለስ ማሽኑ ጸጥ ብሏል፤ ከሥሩ ነጭ አተላ ተኝቷል።

መድፋት ነበረባት። ግን ብናኙ ሁለት ወር ተጠብቆ የመጣ ነው፣ የመጀመሪያው ቀለበት ደግሞ የአባቷ ነው። ማሽኑን አስነስታ ረዘም አድርጋ ናጠችው፤ ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ድብልቁ ደርቆ፣ በእሳት ቀልጦ፣ ተጭኖ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ሆነ። ከዚያው ሰሌዳ ቀለበቱና አሥር ቀጫጭን ቁራጮች ተቆረጡ። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ዘጠኙ በማሽን እየጎበጡ ይሰበራሉ፣ አሥረኛው «ምስክር» ተብሎ ሳይነካ መሳቢያ ይገባል፤ ጠብ ከመጣ ያን ጊዜ ይጠየቃል። ዘጠኙ እስከዛሬ ያልታየ ጥንካሬ አሳዩ። አለቃዋ «እጅሽ ይባረክ!» ብሎ አጨበጨበ። ዓርብ አባቷ አዲሱን እግር አድርገው፣ ያለ ምርኩዝ፣ በሩን በራሳቸው ከፍተው ወጡ። ቀማሚዋ ፈገግ ብላ ሸኘቻቸውና መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰች።

የዚያን ዕለት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ቅዳሜ ማለዳ መሳቢያውን ከፍታ ምስክሩን መስበሪያው ማሽን ላይ አጋደመችው። የጫናው ቁጥር መውጣት ጀመረ። ሌሎቹ ከቻሉት ግማሽ እንኳ ሳይደርስ ቀጭ አለ። ስብራቱን በአጉሊ መነጽር አየችው፤ መሐሉ ላይ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ነጭ ነጥብ ቁጭ ብላለች።

መዝገቡን አውጥታ «ምስክሩን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ማሽኑን ትቼ የሄድኩትም እኔ ነኝ» ብላ ጻፈች፤ ፈረመች፤ አለቃዋ ጠረጴዛ ላይ ጥላው ወጣች። ለአባቷ ደወለች፣ አያነሱም። እንደገና፣ አያነሱም። አባቷ ወደሚሠሩበት ግንባታ የያዘችው አውቶቡስ መንገድ ላይ ሲገተርባት ወርዳ ሮጠች።

አባቷ ሁለተኛው መወጣጫ ላይ ናቸው፤ ጡብ እየደረደሩ ያፏጫሉ።

«አባባ! ይውረዱ!»

«ምነው ልጄ፣ ማን ሞተ? እይኝ እስቲ፣ ጎረምሳ ሆኜልሻለሁ እኮ!»

«በእናቴ ይዤዎታለሁ፣ ይውረዱ! ቀስ ብለው፣ በደህናው እግር እየተደገፉ!»

ፊቷን አይተው ፉጨቱን ተዉ። አንድ ርብራብ ወረዱ፤ ሌላ ወረዱ። በእያንዳንዷ እርምጃ እሷ ከሥር እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች። መሬት ሲረግጡ እሷ ሲሚንቶ ከረጢት ላይ ዘፍ አለች። አጠገቧ ተቀመጡ።

«ቀለበቱ ውስጡ ችግር አለበት» አለች። «ዛሬ ባይሰበር ነገ ይሰበራል። ጥፋቱ የኔ ነው። ማሽኑን ቆሜ መጠበቅ ነበረብኝ፣ ትቼው ወጣሁ።»

«አንቺ? ወዴት?»

«ስልክ ላነሳ።»

«መቼ ነው እሱ?»

መዋሸት ፈለገች፣ ግን አልቻለችም። «ማክሰኞ ጠዋት» አለች፣ መሬት መሬቱን እያየች።

አባቷ ሰው ሲጣደፍ ባዩ ቁጥር «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» የሚሉ ሰው ናቸው። አሁን አላሉም። ማሰሪያውን ፈትተው እግሩን አወለቁና ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ በሲሚንቶ በነጣ ጣታቸው ጉልበቱን ብዙ ዳበሱት። ከዚያ አንስተው እቅፏ ላይ አኖሩላት።

«በይ ውሰጂው» አሉ። «ሌላ ሥሪልኝ። እኔ ስደውል ግን እንዳታነሺ።»