ዶብሪላ ቤት ያደረው ገለባ ሰውዬ

ዘንድሮ ገለባ ሰውዬውን የማሳደር ተራ የዶብሪላ ነበር። የደሴቲቱ ሰው ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ከገለባ ሰው ይሠራል። ገለባ ሰውዬው አንድ ቤት ሦስት ቀን እንደ ክቡር እንግዳ ምግብ ይቀርብለታል፣ መጠጥ ይቀዳለታል፤ ከዚያ የዓመቱ ጥፋት ሁሉ በላዩ ተለፍፎ አደባባይ ላይ ይቃጠላል። ያቃጠሉት ነገር በዚያ ዓመት አይመጣም ይባላል። አንድ ዓመት የወይን ተባዩን፣ አንድ ዓመት ደግሞ ቀረጥ ሰብሳቢውን አቃጥለዋል። ዘንድሮ ገለባው ላይ የተሣለው ግን የአሜሪካው የፕሬዚዳንትነት ዕጩ ፊት ነው፤ ያ «የመኖሪያ ወረቀት የሌለውን ሁሉ ጠርጌ አስወጣለሁ» እያለ አገሩን ለሁለት የከፈለው።

ምን አገባቸው እንዳትሉ! እዚህ ደሴት ላይ አሜሪካ ዘመድ የሌለው ድመት ብቻ ነው። የቄሱን አሮጌ ቤት ገዝታ የምትኖረው አሜሪካዊቷ ግሌንዳማ፣ ያገኘችውን ሰው ሁሉ ደረቷን ይዛ ስለ ዕጩው ይቅርታ ስትጠይቅ ከረመች።

«ምነው ግሌንዳዬ፣ አንቺ ወለድሽው እንዴ?» ይላታል አናጢው ፕሮሽፔር።

የገለባ ሰውዬውን ከረባት ያመጣችው እሷ ናት። ኮቱ ግን የዶብሪላ ባል የሟቹ የዙዋኔ ነው።

ዶብሪላ ለሰው የማትነግረው ምኞት ነበራት። ዕጩው እንዲመረጥላት ትፈልጋለች። እግዜር ይቅር ይበላት፣ ምን ታድርግ? አንድ ልጇ ያክሻ ለጉብኝት ብሎ ሄዶ ካሊፎርኒያ ከቀረ አሥራ አንድ ዓመቱ። ወረቀት የለውም፤ ከወጣ መመለሻ የለውም። አባቱን እንኳ አልቀበረም። ዙዋኔ «ልጁ መጣ?» እንዳለ ነው ነፍሱ የወጣችው። እንግዲህ ቢያባርሩት ወዴት ይሄዳል? ወደ እናቱ ነዋ!

ገለባ ሰውዬውን ማድ ቤት፣ የባሏ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። የደቡቡ ነፋስ መስኮቱን ያንገጫግጫል። ወንበሩ ሲጥ አለ። ዞር ስትል አንገቱ ወደ በሩ ተጠምዝዟል።

«አበስኩ ገበርኩ!» ብላ አማተበችና አቃናችው።

ድንች ልጣ ስትመለስ አሁንም በሩን ያያል። ከኮቱ የባሏ የትምባሆ ሽታ ወጣ። ከዚያም ከገለባው ውስጥ ያ የደከመ ድምፅ «ልጁ መጣ?» አላት። በማግስቱም እንደዚያው ጠየቃት። ወይን ቀዳችለት፣ በጨው የተዘፈዘፈ ሰርዲን አቀረበችለት። የምትለምነው ዕጩውን ይሁን ባሏን ሳይለይላት፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ «አምጣልኝ፤ አንተ አምጣልኝ» አለችው።

በሦስተኛው ቀን ሕዝቡ ከበሮ እየደለቀ ሲመጣ በሩን ቆለፈች።

«እትዬ ዶብሪላ፣ ክፈቺ እንጂ! ሊመሽ ነው» አለ ፕሮሽፔር።

«እንግዳዬን አልሰጥም!»

«ኧረ በሕግ! ገለባ አገባሽ እንዴ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ።

«ዝም በል አንተ! ያንተ ልጆች አጠገብህ ናቸው!»

ሳቁ ቀጥ አለ። ፕሮሽፔር ሞኝ አይደለም፣ ነገሩ ገባው። ያክሻ ጋ በምስል ደወለና ስልኩን በመስኮቱ ፍርግርግ አሾልኮ ሰጣት። ልጇ ከስቷል፣ ጸጉሩም ሸሽቷል። ከኋላው መጋረጃው ተዘግቷል።

«እዚያ ጠዋት አይደል እንዴ? ምነው ጨለማ ውስጥ?»

«በር ሲንኳኳ የሌለሁ እንዲመስል ነው እማዬ። ሰውዬው ገና ሳይመረጥ ጎረቤቱ ሁሉ በክፉ ዓይን ያየኝ ጀምሯል። እባክሽ ስጫቸው፣ ያቃጥሉት።»

«ልጄ፣ እሱ ከተመረጠ እኮ ትመጣለህ!»

ያክሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እማዬ፣ ልጅ አለችኝ» አላት። «ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። ናፍቆት እንዳይጨመርብሽ ብዬ ደበቅኩሽ። እኔን ቢያባርሩኝ እሷ እዚሁ ከእናቷ ጋር መቅረቷ ነው።»

ዶብሪላ በሐሳቧ ልጇን ስንት ጊዜ ጎትታ አምጥታዋለች! ለካ ስትጎትተው የኖረችው ከልጁ ነጥላ ነው።

በሩን ከፈተች። ስልኩን ኪሷ ከታ ገለባ ሰውዬውን ራሷ ተሸክማ አደባባይ አወጣችው። ክሱን እስኪለፍፉም አልጠበቀችም፤ ችቦውን ከፕሮሽፔር ነጥቃ ደረቱ ላይ ለኮሰችው። ሕዝቡ በሆታ ጮኸ። ግሌንዳ አፏን በመዳፏ ይዛ ታለቅሳለች።

«ልጅህን አሳየኝ» አለች ዶብሪላ ስልኩን ከኪሷ አውጥታ።

«ተኝታለች እኮ።»

«ተኝታም ቢሆን አሳየኝ።»

ያክሻ ወደ ሌላ ክፍል ገባ። ክፍሉ ጨለማ ስለሆነ አንዲት ትንሽ ጉንጭ ብቻ ታየች። ከዶብሪላ ኋላ እሳቱ ሲንጣጣ ከመሃሉ ያ የደከመ ድምፅ ስሟን የጠራት መሰላት። አልዞረችም። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ የልጅቷን ትንፋሽ ታዳምጥ ጀመር።