ቅድሚያ ለድምፅ

ዕድላዊት የቅድሚያ ዝርዝሩን ግድግዳው ላይ የለጠፈችው በኩራት ነበር። ላይኛው ሰፈር፣ ሴቻ፣ ባለው ቤተ መጻሕፍት ያለው ዋይፋይ አንድ ነው፤ የሚሻማበት ስልክ ግን ሠላሳም አርባም ይሆናል። አንዱ ይደውላል፣ አንዱ ኳስ ያያል፣ የሌላው ስልክ ባለቤቱ ሳያውቅ አፕዴት ያወርዳል። እሷም ዋይፋዩን በሚያከፋፍለው ራውተር ላይ ሰልፍ አስያዘቻቸው፤ መጀመሪያ ድምፅ፣ ቀጥሎ ቪዲዮ፣ ከዚያ ንባብ፣ መጨረሻ አፕዴት። ከዚያን ቀን ወዲህ ስልክ ይዞ "ሀሎ? ሀሎ?" እያለ ግቢውን የሚዞር ሰው ጠፋ። የኔትወርክ ባለሙያ ከዚህ በላይ ምን ትፈልግ!

ሰልፉ ለአንዲት ልጅ ብቻ አልተስማማትም። አቢጋኤል ትባላለች፤ መስማት የተሳናት ናት፣ ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ በሚኒባስ እየወጣች ትመጣለች። ገረሴ ከተማ ውስጥ መስማት ለተሳናቸው ሕፃናት በሚከፈተው ክፍል ለማስተማር አመልክታለች። ፈታኞቿ አዲስ አበባ ሆነው በቪዲዮ፣ በምልክት ቋንቋ ነው የሚያናግሯት። ማክሰኞ ዕለት ምስሉ እየቆመ ፈተናው ተበላሸ። ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ የመጨረሻ ዕድል ሰጧት።

ዕድላዊት መስመሩን ሁለት ጊዜ ፈትሻለች። እንደ ልማዷ ጥሪ ከፍታ አዳመጠች፤ ጥርት ያለ ነው። በቁራጭ ወረቀት "ችግር የለውም" ብላ ጽፋ ሰጠቻት። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አቢጋኤል ያችኑ ወረቀት ይዛ ተመለሰች። ከሥሩ "እጄን ግን አያዩትም" የሚል ጨምራበታለች።

"እስቲ ደግሞ እንየው" አለች ዕድላዊት፣ ለራሷ። አቢጋኤል ከመስተዋት ግድግዳው ወዲያ ካለችው ክፍል ወደ ዕድላዊት ስልክ በቪዲዮ ደወለች። ዕድላዊት ኮምፒውተሩ ላይ ሰልፉን ስታይ የድምፅ ረድፍ ይንቀሳቀሳል። ግራ ገባት። የማትናገር ልጅ ምን ድምፅ ትልካለች? ኢርፎኑን ጆሮዋ ውስጥ ከተተችና ትንፋሿን ውጣ አዳመጠች። የጣሪያው ማራገቢያ ይንቋቋል። ወንበር ይጮኻል። ውጭ የባጃጅ ጥሩምባ። ይሄ ሁሉ አንዲት ጠብታ ሳይቀር በአንደኛው ረድፍ ይደርሳል፤ ስልኳ ላይ ግን የአቢጋኤል እጆች አየር ላይ ደርቀው ቀርተዋል። የቪዲዮውን ረድፍ አየች፤ ሁለት የትናንት ኳስ፣ አንድ ድራማ። የልጅቷ ንግግር ከኳስ ኋላ ተሰልፎ ኖሯል። ዕድላዊት አፈረች።

ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሮጠች። አቶ ጥዑመልሳን ከሰሜን መጥተው እዚሁ ያረጁ መምህር ናቸው፤ ዝርዝሩን ከማንም በላይ ወደውት ነበር።

"ዕድልዬ፣ ሕግ ሕግ ነው። ዛሬ አንድ ምስል ካስቀደምሽ ነገ ኳሱም ልቅደም ብሎ ይመጣል።"

"ጋሼ፣ ልጅቷ እኮ የምትናገረው በእጇ ነው። እኛ የምናስቀድምላት የማራገቢያውን ወሬ ነው! እስቲ ይስሙት።" ኢርፎኑን ሰጠቻቸው።

ጆሯቸው ውስጥ ከተው አዳመጡ።

"ማራገቢያው ዘይት ይፈልጋል" አሉ። ከዚያም መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ፤ "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። በይ ወረቀቱ ባይለቅ እኛ እንልቀቅ። ስንት ደቂቃ ቀረሽ?"

ስምንት ደቂቃ ነበር የቀራት። የአቢጋኤልን ምስል አንደኛ ረድፍ ላይ አወጣችው። የእሷን ድምፅ ከአፕዴቱም ኋላ፣ መጨረሻ አደረገችው። በሥራዋ ድምፅን መጨረሻ አስቀምጣ አታውቅም።

አራት ሰዓት ሲሆን በመስተዋቱ አጮልቃ አየች። ስልኩ ውስጥ ያሉት ፈታኝ ሴትዮ ጠየቁ፣ አቢጋኤል መለሰች፣ ሴትዮዋ ሳቁ። ዕድላዊት አንዲት ቃል አልገባትም። የተባባሉትን ለማወቅ ግን እንዲህ ጓግታ አታውቅም። ልጅቷ ስትናገር ትከሻዋም፣ ቅንድቧም፣ ጣቶቿም አብረው ይሠሩ ነበር። አንዴም አልቆሙም።

አቢጋኤል ስትወጣ ላብ አጥምቋታል። ያችን ቁራጭ ወረቀት ከኪሷ አወጣች፣ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ ጻፈችና ሰጠቻት።

ችግር የለውም።
እጄን ግን አያዩትም።
አዩት። መስከረም ላይ ገረሴ እገባለሁ።

ዕድላዊት ወረቀቷን ይዛ ወደ ግድግዳው ሄደች፤ ከዝርዝሩ ላይ፣ "ድምፅ" የሚለው አንደኛ ረድፍ ላይ ለጠፈቻት።